ጀርባውን ገልብጡት፦ ከሳጥን የወጣ አሮጌ ጌጥ ከየት እንደመጣና ስንት እንደሚያወጣ ለማወቅ

አያቴ ካረፉ በኋላ የቆርቆሮ ሳጥናቸውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የናፍታሊን ሽታ፣ ሁለት ነጠላ፣ የዕድር ደብተር። ከሥር ደግሞ በአቡጀዲ የተቋጠረ ነገር ነበር። ስፈታው የመሃል ጣት የምታክል የብር ቱቦ ወጣች። ሁለቱም ጫፏ ድፍን ነው። ከሆዷ ሥር ሦስት ትንንሽ ቃጭሎች ተንጠልጥለዋል። ሰንሰለቷ ላይ ደግሞ የሴት ምስል ያለበት ትልቅ ሳንቲም ተሰክቷል። ቤቱን ለቀስተኛ ሞልቶት ነበር፤ ምን እንደሆነች ያወቀ ግን አልተገኘም። አጎቴ «የሽቶ ዕቃ ናት» አለ። አንዲት ጎረቤት «ኩል መያዣ ትሆናለች» አሉ።

ከአርባው በኋላ አንድ ወርቅ ቤት ይዣት ሄድኩ። ሰውየው ፊቷን እንኳ በቅጡ ሳያይ ሚዛን ላይ ጣላትና «በግራም ነው የምንገዛው» አለኝ። አመስግኜ ይዣት ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ነው እዚህ የምጽፍላችሁ። የእናንተ ዕቃ መስቀል ሊሆን ይችላል፤ አምባር፣ ድሪ፣ የነሐስ ዕቃ ወይም የፖርሴሊን ሳህንም ሊሆን ይችላል። መንገዱ ብዙም አይለያይም። ዋጋ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ቀድማችሁ ከጠየቃችሁ የሚነገራችሁ የብረቱ ዋጋ ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ እንዳታጸዱት

አውቃለሁ፣ እጅ ያሳክካል። ሎሚ፣ አመድ፣ ኮልጌት ሁሉም ጋ አለ። ተዉት። ብር ላይ ያለው ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም። ብሩ አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ስስ ሽፋን ነው። የቅርጹ ስንጥቆች ውስጥ ገብቶ ሥራውን የሚያጎላው እሱ ነው። ዕድሜውንም የሚመሰክረው እሱ ነው። በአመድ ስታሹት ጥቁረቱ ብቻ ሳይሆን ብሩም አብሮ ይነሳል፤ የተቀረጸው መስመር ይደበዝዛል። አንዴ ያበራችሁትን ጌጥ መልሳችሁ አታስረጁትም። ሰብሳቢዎችም የታሸ ዕቃ ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። አቧራውን በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ በቂ ነው።

1. ስልክ ከማውጣታችሁ በፊት ሰው ጠይቁ

ስልክ ነገ አለ፣ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ግን ላይኖሩ ይችላሉ። አጠያየቁም ብልሃት ይፈልጋል። «ይሄ የመስቀል ጌጥ ነው አይደል?» ካላችኋቸው «አዎ ልጄ» ብለው ይገላግሏችኋል። ዕቃውን እጃቸው ላይ አኑሩና ዝም በሉ። ከዚያ «ማን አድርጎት አይተዋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

እኔ ወደ አያቴ ታናሽ እህት ሄድኩ። እማማ ዓይናቸው ደክሟል። ቱቦዋን ተቀብለው ጆሯቸው አጠገብ አወዛወዟት። ፈገግ አሉ። «እናታችን ስታርስ ታደርጋት ነበር። ክታብ ናት። አደራ፣ ውሃ እንዳታስነኪያት፤ ውስጧ ጽሑፍ አለ» አሉኝ። ያን ቀን ጠዋት እቤት ውሃ የሞላ ብርጭቆ አዘጋጅቼ ነበር የወጣሁት። ለምን እንደሆነ ወደታች ትደርሱበታላችሁ። ሽቶም ኩልም አልነበረችም፤ የክታብ ማኅደር ናት። ለወላድና ለሕፃን ከዓይንና ከክፉ ነገር መጠበቂያ ተብሎ አንገት ላይ የሚንጠለጠል።

«አባታችን ቆዳ ጭኖ አሰብ ይወርድ ነበር፣ ከዚያ ያመጣት ይመስለኛል» ብለውም ጨመሩ። ይህን በስልኬ ቀዳሁት። የቤተሰብ ወሬ ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃ የት እንደሚፈለግ ግን ይጠቁማል።

2. ፎቶና ልኬት

በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ አንሱ። ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጡ። ፊቱን አንድ ጊዜ ብታነሱ ጀርባውን፣ ጫፎቹን፣ መጋጠሚያውን፣ ማንጠልጠያውን ሁለት ሁለት ጊዜ አንሱ። ቁመቱን፣ ስፋቱን፣ ክብደቱን ጻፉ። ይኸው ነው።

3. ጀርባውን ገልብጡት

አንጥረኛ ፊቱን ለገዢ ያሳምራል። ጀርባው ላይ ግን ራሱን ይረሳል። አስመሳይም እንደዚያው፤ ያልደከመበት ቦታ ጀርባው ነው። የእጅ አጉሊ መነጽር ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌላችሁ የስልክ ካሜራን አስጠግታችሁ አጉሉ።

መጀመሪያ የአሠራሩን ዓይነት ለዩ። በአገራችን የቆየው አንዱ መንገድ ሰም ማቅለጥ ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ያሞቀዋል። ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠው ብር ወይም ነሐስ ይፈስሳል። ባለቅኔዎቻችን «ሰምና ወርቅ» የሚሉት ከዚሁ የአንጥረኛ ሥራ የመጣ ነው። እንዲህ የተሠራ መስቀል ጀርባው ላይ የአየር አረፋ የተወው ጥቃቅን ቀዳዳ ይታያል፤ ጠርዙም ቀጥ ያለ አይደለም። ሌላው መንገድ ከተጠፈጠፈ ብር ቆርጦ ማውጣት ነው። እዚህ ላይ የመጋዝና የሞረድ ጭረት ትፈልጋላችሁ። የእጅ ሞረድ ጭረት አቅጣጫው ይዘበራረቃል። የማሽን ጭረት ግን እኩልና ትይዩ ነው። ሦስተኛው ሽቦና የብር ፍሬ እየበየዱ መጥለፍ ነው።

ቀጥሎ የመበላት ምልክት ፈልጉ። ማተብ የተሰካበት ቀዳዳ ዓመታት ሲፈትጉት ወደ ላይ ይሞላለላል። ሰንሰለት በሚታጠፍበት ቦታ ቀለበቶቹ ይሳሳሉ። ደረት የሚነካው ጎን ይለሰልሳል። ጌጡ «የመቶ ዓመት ነው» ተብሎ ቀዳዳው ክብ፣ ጠርዙ ስለታም ከሆነ ተጠራጠሩ። ጣት በማይደርስበት ጉድጓድ ውስጥ የተፋቀ፣ ልብስ በሚነካው ጉብታ ላይ ደግሞ ጥቁር የሆነ ዕቃም ደግ አይደለም። እንዲህ ያለው ጥቁረት ብዙውን ጊዜ በኬሚካል የመጣ ነው።

የእኔዋ ቱቦ ፊቷ በሽቦ ጥልፍና የሰናፍጭ ቅንጣት በሚያካክሉ የብር ፍሬዎች ተሞልቷል። ጀርባዋ ባዶ ነው፤ ተለስልሷል። ከጫፏ አጠገብ የጭረት ክምር የመሰለኝን ነገር ሳጎላው ትንሽ ማኅተም ሆኖ አገኘሁት። ዐረብኛ ነው። ወርቅ ቤቱ ሚዛን ላይ የወደቀችው በዚሁ ጎኗ ነበር።

ስለ መስቀል አንድ ነገር ልበል። ሱቅ ውስጥ «የላሊበላ»፣ «የጎንደር»፣ «የአክሱም» ሲባል ትሰማላችሁ። ይህ የቅርጽ ስም ነው። የተሠራበትን ቦታ አያስረዳም። ትናንት አዲስ አበባ የተሠራውም «የላሊበላ» ነው የሚባለው።

4. ብሩ ብር ነው?

ማግኔት አስጠጉ። ብር፣ ወርቅ፣ ነሐስ፣ መዳብ በማግኔት አይያዙም። አለመያዙ ብር መሆኑን አያረጋግጥም፤ ከተያዘ ግን ብረት አለበት ማለት ነው። በእኔ ሰንሰለት ላይ አንዲት ቀለበት ብቻ ጠቅ ብላ ተያዘች። ሳንቲሙን ከሰንሰለቱ የምታያይዘው ናት። ማለትም ሳንቲሙ በኋላ የተጨመረ ወይም የተጠገነ ነው። ይህን ያዙ፦ አንድ ጌጥ አሁን ባለው መልኩ በዕድሜ ከታናሹ ክፍሉ አይበልጥም።

ብር የተቀባ ከሆነ ቶሎ በሚፈተግበት ቦታ፣ በጠርዙና በጉብታው ላይ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ይወጣል። ብር መሳዩ ነጭ ብረት፣ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅልቅሉ ማለቴ ነው፣ ውስጡም ነጭ ስለሆነ እንዲህ አይጋለጥም። ለእሱ የውሃው ፈተና አለ። አሁን ብርጭቋችን መጣ።

እስከ 0.1 ግራም የምታሳይ ሚዛን ያስፈልጋል። መጀመሪያ ዕቃውን በደረቁ መዝኑ። ከዚያ ውሃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሱ። ዕቃውን በቀጭን ክር አስራችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ፤ የአየር አረፋም እንዳይዝ። ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም የዕቃው ይዘት ነው፣ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር። የደረቁን ክብደት በዚህ አካፍሉት።

ሰንሰለቷን ለብቻዋ ፈትቼ ስመዝናት 41.0 ግራም ሆነች። ውሃ ውስጥ ስትንጠለጠል 4.0 አሳየች። ሲካፈል 10.25። ንጹሕ ብር 10.5 ገደማ ነው። የጠገራ ብር፣ የድሮው የማሪያ ቴሬዛ ሳንቲም ማለት ነው፣ ቅልቅሉ 10.2 አካባቢ ይወጣል። ነጭ ብረትና ነሐስ ከ 9 በታች ናቸው። አሉሚኒየም 2.7 ብቻ ነው። ስለዚህ ሰንሰለቷ ጠገራ ቀልጦ የተሠራች ትመስላለች። አንጥረኞቻችን ለብዙ ዘመን ጥሬ ዕቃቸው ይኸው ጠገራ ስለነበር የሚገርም አይደለም።

ቱቦዋን ግን ውሃ አላስነካኋትም። ውስጡ ባዶ፣ በሰም የተሞላ ወይም ወረቀት የያዘ ዕቃ በዚህ መንገድ አይለካም፤ ስሌቱም ይሳሳታል፣ ጽሑፉም ይጠፋል። ዶቃ፣ ዛጎልና እንጨት ያለበትንም እንደዚሁ ተዉት። ብሩን ለመፈተን አሲድ የሚያንጠባጥብ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ደግሞ ፊት ለፊት ላይ ጠባሳ እንዳይተው ንገሩት።

5. ሳንቲምና ማኅተም ማንበብ

ሳንቲሟ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ናት፣ የእኛ ጠገራ። 1780 ይላል፤ በፈረንጆች አቆጣጠር። አጎቴ ይህን ሲያይ «የሁለት መቶ ዓመት ቅርስ!» ብሎ ዘሎ ነበር። ቀስ። ንግሥቲቱ የሞተችው በ1780 ነው፤ ሳንቲሙ ግን ከዚያ በኋላ ዓመቱ ሳይቀየር እስከ ዘመናችን ድረስ ተመትቷል። በኢትዮጵያና በዐረብ አገር ያሉ ነጋዴዎች የለመዱትን መልክ ስለሚፈልጉ ማለት ነው። ቪየና ብቻ አይደለም የመታው። በ1935 ጣሊያን የመምቻውን መብት ከኦስትሪያ ወስዳ ሮም ላይ መታች። ከዚያ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራሰልስና ቦምቤይም መቱ። ስለዚህ 1780 የሚለው ቁጥር «ከዚያ በፊት አልተሠራም» ከማለት በላይ አይናገርም።

እውነተኛው ጠገራ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከሺህ 833 እጁ ብር ነው። የሳንቲሙ ጠርዝ ላይ በላቲን «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል ጽሑፍ ዞሮበታል። አባቶቻችን ሐሰተኛውን ለመለየት የንግሥቲቱን ጌጥ ነጠብጣቦች በጥፍራቸው እየነኩ ይቆጥሩ እንደነበር ይነገራል። ማንጠልጠያ የተበየደበት ጠገራ ለሳንቲም ሰብሳቢ ዋጋው ይወርዳል፤ ለጌጥ ሰብሳቢ ግን ጌጥ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ብር ከሆነ ያጋጠማችሁ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ነው የተጻፈው፣ 1887 እና ከዚያ በኋላ። ፈረንጅ ሻጮች ይህን ዘንግተው ሰባት ስምንት ዓመት ሲያስረጁት አይቻለሁ።

ከውጭ የመጣ ዕቃ ከሆነ ማኅተሙ ግማሹን ሥራ ይጨርስላችኋል። የሚራመድ አንበሳ የእንግሊዝ ስተርሊንግ ብር ነው፣ ከሺህ 925 እጁ ብር የሆነ፤ 925 የሚለው ቁጥር ብቻውን ግን የየትም አገር ሊሆን ይችላል። 800 በጀርመንና በጣሊያን የተለመደ ነው። 84 ከሆነ የድሮው ሩሲያ ነው፤ ከ96 እጅ 84ቱ ብር ማለት ነው። «ኢ ፒ ኤን ኤስ» የሚሉ አራት ፊደሎች ካያችሁ ነጭ ብረት ላይ የተቀባ ብር ነው፤ ለማቅለጥ አትድከሙ።

ሳህንና የአበባ ማስቀመጫ ከሆነ ታቹ ላይ ያለውን የአገር ስም አንብቡ። አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ወደሷ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት አስገደደች። ስለዚህ የአገር ስም ያለበት ዕቃ ብዙውን ጊዜ ከ1891 ወዲህ ነው። «ኒፖን» የሚል ከሆነ ከ1891 እስከ 1921 ባለው ውስጥ ነው። «ኦኪዩፓይድ ጃፓን» ካለ ጃፓን በአሜሪካ በተያዘችበት ዘመን የተሠራ ነው፤ ያም በ1952 አብቅቷል። «ዌስት ጀርመኒ» ከ1949 እስከ 1990። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።

የእኔዋ የዐረብኛ ማኅተም የሰው ስም ሆነች፤ ዐረብኛ የሚያነብ ጎረቤት ነው ያነበበልኝ። የየመን አንጥረኞች ስማቸውን እንዲህ ይመቱ ነበር። በየመን የብር ሥራ በአብዛኛው በአይሁድ አንጥረኞች እጅ የነበረ ሲሆን፣ በ1949 እና በ1950 አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ተጓዙ። የሽቦ ጥልፉና የብር ፍሬው፣ ማኅተሙ፣ የእማማ የአሰብ ወሬ አንድ ላይ ሲገጣጠሙ ቱቦዋ ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣች ናት። ሰንሰለቷ ግን የአገር ቤት ሥራ ናት። በእጅ የተጠለፈች፣ ቀለበቶቿ እኩል ያልሆኑ። እንዲህ ዓይነት ቅልቅል ጉድለት እንዳይመስላችሁ። ዕቃው በሰው እጅ እንደኖረ የሚያሳየው እሱ ነው።

6. ውስጡ ያለውን በጉልበት አታውጡ

ክታብ ከሆነ ውስጡ በግዕዝ የተጻፈ ብራና ወይም በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት ሊሆን ይችላል። በወሎም ሆነ በሐረር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያደርገው ነበርና በጌጡ መልክ ብቻ አትፍረዱ። የደረቀ ብራና በጉልበት ሲዘረጋ ይሰነጠቃል። የብራና ጥገና ለሚያውቅ ሰው ስጡት። ቢከፈት ትልቁ ሀብት ሥዕሉ ላይሆን ይችላል። በግዕዙ ክታብ ውስጥ የተጻፈላት ሰው ክርስትና ስም ይገኛል፤ «ዕቀባ ለአመትከ»፣ አገልጋይህን ጠብቃት፣ ካለ ቀጥሎ ያለውን አንብቡ። ስለዚህ አስቀድማችሁ የአያት የቅድመ አያቶቻችሁን ክርስትና ስም ጠይቃችሁ ያዙ። ቤተሰቡ የሚያውቀው የቤት ስም ጽሑፉ ላይ አይገኝም።

7. አምሳያውን ፈልጉ

አሁን ስልኩን አውጡ። ጉግል ሌንስ መልኩ የሚመሳሰለውን ያመጣላችኋል፤ ከዚያ በላይ አይታመንም። የእኔን ቱቦ መጀመሪያ የበር መቀርቀሪያ ብሏታል። ሙዚየሞች ይሻላሉ። ስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ውስጥ ያለው ሙዚየም፣ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ መስቀልና ጌጣጌጥ በብዛት አለው። የራሳችሁን ፎቶ ይዛችሁ ግቡ፤ ዕቃውን ግን እቤት ተዉት። ውጭ ያላችሁ ደግሞ የብሪቲሽ ሙዚየምንና የፓሪሱን ኬ ብራንሊ ስብስብ ከቤታችሁ ሆናችሁ በኢንተርኔት ማየት ትችላላችሁ። ኬ ብራንሊ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1931 እስከ 1933 ከዳካር ጅቡቲ ባቋረጠው የፈረንሳይ የጥናት ጉዞ ከጎንደር አካባቢ የተወሰዱ ክታቦችንም ይዟል። እንዴት እንደተወሰዱ ሌላ የሚያስቆጭ ወሬ ነው። ስታነጻጽሩ ፊቱን ብቻ ሳይሆን ልኬቱንና የጀርባውን ፎቶ አመሳክሩ።

8. አሁን ዋጋ

አንድ ዕቃ ቢያንስ ሦስት ዋጋ አለው። ወለሉ የብረቱ ዋጋ ነው። ሰንሰለቷን ብንወስድ 41 ግራም ሲባዛ በ0.833 ወደ 34 ግራም ንጹሕ ብር ይሆናል። የዓለም ገበያ ብርን የሚተምነው በአውንስ ነው፤ አንዱ አውንስ 31.1 ግራም። ስለዚህ ሰንሰለቷ ከአንድ አውንስ ትንሽ ትበልጣለች። የዕለቱን ዋጋ አይታችሁ አባዙ። ከዚህ በታች ከሰጧችሁ እየቀለዱባችሁ ነው።

ሁለተኛው ነጋዴ የሚገዛበት ነው። ሱቅ ኪራይ አለው፣ ትርፍም ይፈልጋል፤ መስኮቱ ላይ የለጠፈውን ዋጋ ለእናንተ አይከፍልም። ሦስተኛው ሰብሳቢ የሚከፍለው ነው። ይህን ለማወቅ በኢንተርኔት «የተጠየቀውን» ሳይሆን «የተሸጠበትን» ዋጋ ፈልጉ። ማንም ሰው ተነስቶ አንድ ሚሊዮን ሊጠይቅ ይችላል። የጨረታ ቤቶች የተሸጠበትን ያሳያሉ፤ የገዢው ኮሚሽን ተጨምሮበት እንደሆነ ግን አጣሩ። አምስት ስድስት አምሳያ አግኙ፣ ከሁሉ ውዱንና ከሁሉ ርካሹን ጣሉ። ደግሞ ዋጋ የሚተምንላችሁ ሰው ገዢው ራሱ እንዳይሆን።

ዋጋ የሚያወጣው ሙሉነቱ፣ የባለቤቱ ታሪክ፣ ያልታሸ መሆኑ ነው። የሚጥለው በቆርቆሮ ብየዳ የተጠገነ ቦታ፣ የጎደለ ቃጭል፣ በቅርብ የተጨመረ ዶቃ።

እና ሕጉን አትርሱ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊሆን ይችላል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ግን ክልክል ነው። ጥርጣሬ ካለ ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ሄዶ ማስመርመር ነው። «የአያቴ ነው» የሚለው ቦሌ ላይ አይሠራም። በተለይ የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት የሚመስል ነገር፣ የመጾር መስቀል ወይም ጽላት፣ በሰው እጅ ካያችሁ አትግዙ። አፍሮ አይገባ የሚባለው የላሊበላ መስቀል በፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 ተሰርቆ ቤልጂየም ድረስ ሄዶ ነው የተገኘው።

9. ካርድ ጻፉለት

ያወቃችሁትን ሁሉ አንድ ወፍራም ወረቀት ላይ አስፍራችሁ ከዕቃው ጋር አስቀምጡ። በጋዜጣ ወይም በፕላስቲክ ከረጢት አትጠቅልሉት፤ የታጠበ የጥጥ ጨርቅ ይሻላል። የእኔዋ በዚያው አቡጀዲ ተመልሳ ገብታለች። ካርዱ እንዲህ ይላል፦

«የክታብ ማኅደር። ብር። ቁመት 8.5 ሴንቲ ሜትር። የየመን ሥራ፣ ጀርባው ላይ የዐረብኛ ማኅተም አለ። ሰንሰለቱ 41.0 ግራም፣ የአገር ቤት ሥራ። ጠገራው በኋላ የተጨመረ፤ የብረት ቀለበት ይዞታል። ቅድመ አያታችን በወሊድ ጊዜ ታደርገው ነበር፤ ይህን የነገሩን የአያታችን ታናሽ እህት ናቸው። አልተከፈተም። ውሃ አታስነኩ።»